የሥራ ክብርና የሠሪው ክብር

ፈላስፎች ስለ ሥራ የጻፉትን ባነበብሁ ቁጥር አስቀድሜ ለማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ጸሐፊው ተቀምጦ በሚያስብበት ሰዓት ምግቡን ማን ያበስልለት፣ ልብሱን ማን ይሸምንለት እንደነበረ። ይህን የምጠይቀው የሰውን ጓዳ ለመፈተሽ ብዬ ሳይሆን፣ ስለ ሥራ የተነገረ ማናቸውም ትምህርት የሚፈተነው ስለ ሠሪው በሚሰጠው ፍርድ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ሥራን እያመሰገኑ ሠራተኛውን መናቅ የሚቻል ነገር መሆኑን፣ በጣና ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ከመጻሕፍት ሳይሆን ከሰፈሩ ያውቀዋል።

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው ድርሳኑ ከተማ የምትጸናው እያንዳንዱ ሰው ለተፈጥሮው የተስማማውን አንድ ሥራ ሲሠራ ነው ይላል። ገበሬው ያርሳል፣ ጫማ ሰፊው ይሰፋል፣ ወታደሩ ይጠብቃል፣ ፈላስፋው ይገዛል። አስተሳሰቡ ሥርዓት ያለው ቢሆንም፣ ከተማይቱን የሚመግቧትና የሚያለብሷት ሰዎች በአገዛዟ ላይ ቃል የላቸውም። ተማሪው አርስቶትል ደግሞ ነገሩን ሳይሸፋፍን ይናገራል። «ፖለቲካ» በተሰኘው መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ባሪያን ነፍስ ያለው መሣሪያ ብሎ ከገለጸ በኋላ፣ የሸማኔው መወርወሪያ ራሱ ቢሸምን፣ የክራሩም መምቻ ራሱ ቢመታ ኖሮ ዋናው ባለሙያ ረዳት፣ ጌታውም ባሪያ ባላስፈለጋቸው ነበር ይላል። በዚያው መጽሐፍ ሌላ ስፍራ ላይ፣ በመልካም ሁኔታ የተደራጀች ከተማ የእጅ ባለሙያን ዜጋ እንደማታደርገው ይጽፋል፤ ምክንያቱም በጎነትን ለመለማመድም ሆነ በከተማ ጉዳይ ለመሳተፍ ከሥራ የተረፈ ጊዜ ያስፈልጋል።

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከንጋት እስከ ምሽት ጎንበስ ብሎ የዋለ ሰው ማታ ሸንጎ ላይ ተቀምጦ ለመከራከር አቅም የሚያንሰው መሆኑ እውነት ነው። አርስቶትል ሥራ ጊዜንና ጉልበትን እንደሚበላ በትክክል አይቷል። ከዚህ እውነት ተነስቶ ግን ሸክሙን እንካፈለው ወደሚል ሐሳብ አልሄደም፤ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለሸክም የተበጁ ናቸው ወደሚል ድምዳሜ ሄደ። ከእርሱ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት በብዙ አገር የቀጠለውም ይኸው ድምዳሜ ነው።

ራሱ የሚሸምን መወርወሪያ ወደ ባሕር ዳር የመጣው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የተቋቋመው ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከጢስ ዓባይ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ ለከተማው ደረሰ። የአርስቶትል ሕልም ተፈጸመ ሊባል ይችል ነበር፤ ነገር ግን መወርወሪያው በራሱ መንቀሳቀስ በጀመረ ጊዜ ሠራተኛ ማስፈለጉ አልቀረም። እንዲያውም ከየገጠሩ ሰው እየመጣ በመሣሪያው ዙሪያ ቆመ፤ ዛሬ የምናውቃት ከተማም በከፊል በእነዚያ ሰዎች ዙሪያ አደገች። መሣሪያ ሠራተኛን ነፃ የሚያወጣው የመሣሪያው ባለቤትነትና የተረፈው ጊዜ ክፍፍል ሲፈቅድ ብቻ እንደሆነ አርስቶትል አላሰበበትም።

አዳም ስሚዝ ፋብሪካን በሚገባ ተመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የሚጠቅሰው የመርፌ ቁልፍ መሥሪያ ቤት በሰፊው ይታወቃል፤ አሥር ሰዎች ሥራውን ከፋፍለው በቀን 48 ሺህ ያህል ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሁሉንም ልሥራ ቢል ግን ሃያ እንኳ መድረሱ ያጠራጥራል። የኢኮኖሚክስ አስተማሪዎች ይህን ምሳሌ ሳይጠቅሱ አያልፉም፤ በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ያለውን ማስጠንቀቂያ ግን የሚጠቅስ ሲበዛ ጥቂት ነው። ስሚዝ በዚያ ስፍራ ዕድሜውን ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ቀላል ድርጊቶችን ሲደጋግም የሚኖር ሰው አእምሮውን የሚያሠራበት አጋጣሚ ስለማያገኝ እየደነዘዘ እንደሚሄድ፣ መንግሥትም በትምህርት ካልደረሰለት የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል በዚህ ዕጣ ላይ እንደሚወድቅ ይናገራል። የሥራ ክፍፍልን ያመሰገነው ሰው ራሱ ዋጋውን መጻፉ ለእኔ ትልቅ ታማኝነት ነው።

ካርል ማርክስ ከዚህ ነጥብ ተነስቶ ወደ ጥልቁ ወረደ። በ1844 በጻፋቸውና በ1932 እ.ኤ.አ. በታተሙት የወጣትነት ጽሑፎቹ፣ ሠራተኛው ከሠራው ዕቃ፣ ከመሥራቱ ድርጊት፣ ከሰብአዊ ባሕርዩና ከባልንጀሮቹ ባዕድ እንደሚሆን ያስረዳል። የሠራው ነገር የእርሱ አይደለም፤ በሥራ ላይ ሳለ የራሱ አይደለም፤ ራሱን የሚያገኘው ከሥራ ሲወጣ ነው። ከዓመታት በኋላ በ«ካፒታል» ላይ ንብንና የሕንፃ ባለሙያን ያነጻጽራል፤ ንቧ የምትሠራው እፎ ብዙ ባለሙያዎችን ቢያሳፍርም፣ እጅግ ደካማው ባለሙያ እንኳ ቤቱን በእጁ ከማቆሙ በፊት በሐሳቡ አቁሞታልና ከንቧ ይበልጣል። በጣና ዳር ታንኳ የሚሠራ ሰው ንድፍ አይስልም፣ ሜትርም አይዘረጋም፤ ታንኳ የሚሆነውን የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገሉን፣ ሲያስር ግን የታንኳው አፍንጫ የት ቀና እንደሚል፣ ወገቡ ምን ያህል እንደሚሰፋ አስቀድሞ ያውቃል። ማርክስ የሰው ልጅ ሥራ ያለው ይህንን ነው፤ ፋብሪካ ከሠራተኛው የወሰደበትም ይህንኑ በሐሳብ አስቀድሞ የመሥራትን ድርሻ ነው።

ከዘመዶቼ አንዷ ዕድሜዋን በፈትል ሥራ ያሳለፈች ሴት ናት። ከልጅነቷ በእንዝርት የምትፈትለውን ድር በዓይኗ እያየች ጋቢ ሲሆን ተመልክታ ነበር፤ በመሣሪያ ስትፈትል ግን ክሩ ወዴት ሄዶ ምን እንደሚሆን አታውቅም። ማርክስ ይህን ቢሰማ እንዳልኩት ነው ባለ ነበር። ዘመዴ ግን ሌላም ነገር ትነግረኛለች፤ በስሟ የተቆረጠ ደመወዝ በእጇ ተቀብላ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ የልጆቿን ደብተር የገዛችበትን ቀን። ይህን የሚያስረዳልኝ ከማርክስ ይልቅ፣ ማርክስ በመጻሕፍቱ የተማረበት ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1807 በታተመው ሥራው፣ ጌታው የተሠራውን ብቻ ስለሚበላ ባለበት ሲቀር፣ አገልጋዩ ግን ነገሮችን በእጁ እየለወጠ የራሱን ኃይልና ማንነት በሥራው ውስጥ እንደሚያየው ይናገራል። ዘመዴ በክሩ ውስጥ ያላየችውን ራሷን በደመወዟ ውስጥ አየችው። ሁለቱም እውነቶች በአንድ ሰው ሕይወት አብረው ይኖራሉ፤ አንዱን ለማጽናት ሌላውን መካድ አያስፈልግም።

ከነዚህ ሁሉ ፈላስፎች መካከል የፋብሪካን ሥራ ለመረዳት ራሷ የገባችበት ፈረንሳዊቷ ሲሞን ቬይ ናት። በ1934 እና 1935 እ.ኤ.አ. የመምህርነት ሥራዋን ትታ በፋብሪካዎች ተቀጠረች፤ ከድካሙ ሁሉ ይልቅ የጎዳት ማሰብ አለመቻሏ እንደነበረም ጽፋለች። ስሚዝ በግምት የደረሰበትን እርሷ በሰውነቷ አረጋገጠችው።

ወደ ሐይቁ ልመለስ። በጣና ደሴቶች ላይ ያሉት ገዳማት ሥራን በሚመለከት ከግሪኮች ፈጽሞ የተለየ ትምህርት ይዘው ኖረዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሎ ጽፏል፤ እርሱ ራሱም ድንኳን ሰፊ ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የማኅበር ምንኩስናን የመሠረተው ጳኩሚስ ጸሎትንና የእጅ ሥራን አንድ ላይ አስሮ ሥርዓት ሠራ፤ ይህም ሥርዓት ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ለገዳሞቻችን መመሪያ ሆነ። በክብራን ገብርኤል ወይም በዳጋ እስጢፋኖስ የተቀመጠ አንድ የብራና መጽሐፍ ሲታይ በውስጡ የብዙ ሰው እጅ አለ፤ ፍየሉን ያረባው፣ ቆዳውን የፋቀውና የወጠረው፣ ቀለሙን የበጠበጠው፣ ብርዑን የቀረጸው፣ ጻፊውና ሐረግ ሣዩ። መጽሐፉንም ሆነ መነኩሴውን ወደ ደሴቱ ያሻገረው ደግሞ የደንገል ታንኳ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ እዚህ ላይ ይመጣል። ሥራን እንዲህ የቀደሰ ትምህርት በነበረበት አገር፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ብረት የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ምጣዱንና ጀበናውን የምታበጀው ሸክላ ሠሪ የተናቁት ለምንድን ነው? በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች የታንኳን ጥበብ ጠብቀው ያቆዩ፣ የወፍጮ ድንጋይ እየጠረቡ ለየቤቱ ያቀረቡ ሕዝብ ሆነው ሳለ፣ ጉማሬ በማደናቸውና በመብላታቸው ሰበብ ለብዙ ዘመን ሰው ማዕድና ጋብቻ ነፍጓቸው ኖሯል። እህሉ የተፈጨው እነርሱ በጠረቡት ወፍጮ፣ ውኃው የተሻገረው እነርሱ ባሰሩት ታንኳ ነበር። አርስቶትል ንቀቱን በመጽሐፍ ጻፈው፤ እኛ ደግሞ መጽሐፉ ሳይደርሰን በኑሮ ጻፍነው። ይህን ስጽፍ አዝናለሁ፤ ዛሬም ፈጽሞ ያለፈ ነገር አይደለምና።

ዐፄ ምኒልክ ይህን በሽታ በስሙ ጠርተውታል። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ብረት የሠራውን ጠይብ፣ የሸመነውን ቁጢት በጣሽ፣ የጻፈውን ጠንቋይ እያለ የሚሳደበውን ሰው ገሥጸው፣ ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አስታውሰው፣ ከዚያ በኋላ ሠራተኛን በሥራው የሰደበ አንድ ዓመት እንዲታሰር ደነገጉ። በአዋጁ ውስጥ ያለው ሐሳብ የንጉሥ ቁጣ ብቻ ሆኖ አይታየኝም፤ ሥራ የማያውቅ ሰው ሥራ የሚያውቀውን እየሰደበ አገርን ያደኸያል የሚል ሙሉ ክርክር አለበት። ሆኖም አዋጅ የሰውን አፍ ሊዘጋ ይችላል እንጂ ዓይኑን ሊለውጥ ይከብደዋል። በዘመናችን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ኮብልስቶን የሚጠርብ ወይም ባጃጅ የሚነዳ ወጣት፣ የቀድሞ የክፍል ጓደኛው በመንገድ ሲያልፍ ፊቱን የሚያዞረው ያ ዓይን አሁንም ስላለ ነው።

ለዚህ በሽታ ከአዋጁ በፊት የተጻፈ ፍልስፍናዊ መልስ ያለን መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ እንፍራንዝ ትገኛለች። ከአክሱም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ክርክር የተነሳ ተሰዶ፣ በዋሻ ተሸሽጎ የኖረው ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ በመጨረሻ የሰፈረው በዚያ ነው። «ሐተታ» የተባለው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ሀብቱ የተባለው ባለጸጋ ሲያስጠጋው እንደ ጥገኛ መኖርን አልመረጠም፤ የዳዊት መዝሙር እየጻፈ፣ የሀብቱንም ልጆች እያስተማረ በእጁ ሥራ ኖረ። ሒሩት የምትባለውን የሀብቱን ቤት አገልጋይ ሊያገባ በፈለገ ጊዜም፣ ሚስት ልትሆነኝ እንጂ ገረድ እንድትሆነኝ አልሻም፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው የሚል መልስ ሰጠ። ሐተታው እ.ኤ.አ. በ1667 ተጻፈ ይላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የወልደ ሕይወት ሐተታ ነው ለዚህ ጽሑፍ ዋና የሚሆነኝ። ወልደ ሕይወት የሀብቱ ልጅ፣ የዘርዓ ያዕቆብም ተማሪ ነው፤ ማለትም መሥራት ሳይኖርበት ሊኖር ይችል የነበረ የባለጸጋ ልጅ። ይህ ሰው በሐተታው ለእጅ ሥራ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ፈጣሪ ሰውን ያለ ሥራ እንዳይኖር አድርጎ ፈጥሮታልና ሥራ የፈጣሪ ትእዛዝ ነው፤ የእጅ ሥራ ባይኖር የሰው ልጅ ሁሉ ይጠፋ ነበር ይላል። የእጅ ሥራ ለድሆችና ለቀጥቃጮች፣ ለግንበኞችም ነው እንጂ ለታላላቅ ሰዎች ልጆች አይገባም የሚለውን አነጋገር ከትዕቢተኛ ልብ የወጣ ብሎ ይነቅፋል፤ የኑሮ ፍላጎት ሰውን ሁሉ እኩል የሚያስረው ከሆነ፣ ፍላጎቱን የሚያሟላው ሥራም የሁሉ ነው የሚል ነው ምክንያቱ።

ይህን ክርክር ከአርስቶትል አጠገብ አስቀምጬ ስመለከተው ኃይሉ ይታየኛል። ሁለቱም የሚነሱት ሰው ያለ ምግብና ልብስ መኖር አይችልም ከሚለው አንድ እውነት ነው። አርስቶትል ከዚያ ተነስቶ፣ ስለዚህ ይህን የሚሠራልን ሌላ ሰው ያስፈልገናል አለ፤ ወልደ ሕይወት ደግሞ፣ ስለዚህ ማንም ሰው ራሱን ከዚህ ውጭ አድርጎ ሊቆጥር አይችልም አለ። መራብ እኩል ከሆነ መሥራትን ውርደት የሚያደርገው ምንድን ነው? የእንፍራንዙ ሰው የሰበረው ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይሰበር የኖረውን ያንን መገጣጠሚያ ነው።

ሁለቱ ሐተታዎች የማን ናቸው የሚለው ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 መጻሕፍቱን የጻፋቸው በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የነበረው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ክላውድ ሳምነር ደግሞ ዕድሜውን ሰጥቶ የኢትዮጵያውያን መሆናቸውን ለማስረዳት ደክሟል፤ ክርክሩ ዛሬም በምሁራን ዘንድ ቀጥሏል። ክርክሩ በየትኛውም በኩል ቢያልቅ ግን ሐሳቡ በግእዝ ተጽፎ፣ ቀጥቃጩንና ግንበኛውን በሚንቅ ኅብረተሰብ ፊት የቆመ ሐሳብ ነው። በዚህ ረገድ የሚናገረው ለእኛ ነው።

ሥራ የሀብት ምንጭ ነው የሚለው ሐሳብ የአውሮፓውያን ብቻ ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ። የቱኒዝ ተወላጁ ኢብን ኻልዱን በ1377 እ.ኤ.አ. በጻፈው «ሙቀዲማ» ሰው የሚያገኘው ጥቅም የሥራው ዋጋ መሆኑን አስረድቶ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ፣ ሰው ድካሙን ከመሬት ጋር ሲቀላቅል ያ ነገር የራሱ ይሆናል የሚለውን ታዋቂ ክርክሩን አቀረበ። ሎክን ሳነብ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ያቆመኛል፤ ፈረሴ የጋጠው ሣር፣ አገልጋዬ የቆረጠው የሣር አፈር የእኔ ይሆናል የሚለው። የድካም ባለቤት የንብረት ባለቤት ነው የሚለው ትምህርት ገና በመጀመሪያው ገጽ የአገልጋዩን ድካም ለጌታው አሳልፎ ሰጠው፤ አገልጋዩም ከፈረሱ ጎን ተቆጠረ።

በእኛ በኩል ይህን ጉዳይ በአገር ደረጃ ያነሣው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በ1911 ዓ.ም. በወጣትነቱ ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ፣ ሀብት የሚገኘው ከሥራ መሆኑን፣ ሥራን የሚያበረክተው ደግሞ ዕውቀት መሆኑን ያስረዳል። ከዚያም አንድ እርምጃ ይቀጥላል፤ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም የሠራውን ዕቃ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ድካም ካገኘው ጥሬ ሀብት ጋር ሲለውጥ፣ ደካማው ሕዝብ ድካሙን ለሌላው ይገብራል ይላል። የሎክ አገልጋይ በዚህ ስፍራ አገር ሆኖ ይታያል። የሠሪው መናቅ ከክብር ጉዳይነት አልፎ የድህነት ምክንያት እንደሚሆን የገባው እርሱ ነው፤ የተናቀ ሙያ ልጅ አይማረውም፣ ዕውቀትም አይጨመርበትም፣ አባት በሠራበት መሣሪያ ልጅም የልጅ ልጅም ይሠራል።

ፈላስፋዋ ሐና አረንት እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው መጽሐፍ የሰውን እንቅስቃሴ በሦስት ትለየዋለች። አንደኛው ሕይወትን ለማቆየት ብቻ የሚደከመው፣ ወዲያው ተበልቶ የሚያልቅ ድካም ነው፤ ሁለተኛው ጸንቶ የሚቆይ ነገር የሚፈጥር የእጅ ሥራ ነው፤ ሦስተኛው ሰዎች በሰዎች ፊት በንግግርና በተግባር የሚገለጡበት የጋራ ሕይወት ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን የወረረውን እንቦጭ ለመንቀል እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ የሚገቡት ገበሬዎች ሥራ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ዛሬ የተነቀለው ነገ በሌላ ዳር ይበቅላል፣ ይህን ሠራሁ ተብሎ የሚታይ ነገርም አይቀርም። የብራናው መጽሐፍ የሁለተኛው ነው። ታንኳው ግን በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ የጥበብ ሥራ ሆኖ ሳለ ደንገሉ ውኃ እየመጠጠ ይከብድና ብዙም ሳይቆይ በሌላ መተካት አለበት።

የአረንት ክፍፍል ብዙ ነገር አብርቶልኛል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ዓይነት ዝቅ አድርጋ የምታየው ከግሪኮች የወረሰችው ዓይን ስላለባት ይመስለኛል። እንቦጭ ለመንቀል በሺህ የሚቆጠር ሰው በዘመቻ ሲወጣ፣ ወይም በአጨዳ ጊዜ የአንዱ ማሳ በደቦ ሲታጨድ፣ በዚያው ድካም ውስጥ ሦስተኛው ይገኛል። ሰዎች ይመካከራሉ፣ ይሞጋገሳሉ፣ የሰነፈውን ይገሥጻሉ፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ዘፈንና ቀረርቶ ይሰማል። በወንፈል ዛሬ የሠራህልኝን ነገ እሠራልሃለሁ የሚለው ቃል ኪዳን ደመወዝም ሕግም ሳያስፈልገው ይጸናል። ሸንጎና ማሳ ሁልጊዜ የተለያዩ ስፍራዎች አይደሉም።

ፈላስፎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የዘለሉት አንድ ሥራ አለ፤ የቤት ውስጥ ሥራ። አጨዳው በደቦ ሲሆን ምግቡንና ጠላውን ከሌሊት ጀምሮ የሚያሰናዱት ሴቶች ድካም በወንፈል ሒሳብ ውስጥ አይገባም። በዚህ ጉዳይ ላይ ያየሁት ጥልቅ መልስ የተጻፈ አይደለም፤ ከጣና በስተምሥራቅ፣ በወረታ አካባቢ በምትገኘው አውራ አምባ በተግባር የተሠራ ነው። ዙምራ ኑሩ ይህን ማኅበረሰብ በ1964 ዓ.ም. ገደማ ሲመሠርት፣ በልጅነቱ ያየው የእናቱ ድካም እንዳነሣሣው ተናግሯል፤ አባትና እናት እርሻ ላይ አብረው ውለው ሲገቡ፣ አባት ያርፋል፣ የእናት ሥራ ግን በቤት ውስጥ እንደገና ይጀምራል። በአውራ አምባ ሴት ታርሳለች፣ ትሸምናለችም፤ ወንድ ይፈትላል፣ እንጀራም ይጋግራል። የዋና መተዳደሪያቸው አንዱ ሽመና መሆኑ ደግሞ የተናቀው ሙያ በራሱ የማኅበር ምሰሶ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

በርትራንድ ራስል በ1932 እ.ኤ.አ. ሥራ ሁሉ በትክክል ቢከፋፈል በቀን አራት ሰዓት መሥራት ለሁሉም ይበቃል ብሎ ጽፎ ነበር፤ የኢኮኖሚክስ ሊቁ ኬንስም ከእርሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመቶ ዓመት ውስጥ በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ እንሠራለን የሚል ግምት አስቀምጧል። ሁለቱም የቆጠሩት በደመወዝ የሚሠራውን ሰዓት ነው። የባሕር ዳር አንዲት እናት ከቢሮ ወጥታ ገበያ ደርሳ፣ እራት አዘጋጅታ፣ የልጆቿን የቤት ሥራ አይታ የምትተኛበትን ሰዓት ያልቆጠረ የሥራ ፍልስፍና የኅብረተሰቡን ግማሽ ሥራ ሳያይ የተጻፈ ነው። አራቱ ሰዓት ለሁሉ እንዲዳረስ ከተፈለገ ቆጠራው ከማዕድ ቤቱ መጀመር አለበት።